በስልክ ሽቦ ላይ ስለ ተመሠረተው ማኅበር



ዛሬ ዕድሜያቸው ከአምሳ ዓመት ያለፈ ብዙ የአሜሪካና የአውሮፓ ሰዎች፣ ኮምፒዩተር ገና በጥቂት ሰዎች እጅ የነበረበትን ዘመን በናፍቆት ሲያነሡት ይሰማሉ። በዚያ ዘመን መሣሪያው ደካማ፣ መስመሩ ቀጭን፣ ዋጋውም ውድ ነበር። እነርሱ ግን ዛሬ በኪሳቸው ከያዙት ፈጣን መሣሪያ ይልቅ ያን አዝጋሚውን ያወድሳሉ። ሰው ሁሉ የወጣትነቱን ወራት ማድነቁ የተለመደ ስለ ሆነ፣ ነገሩን የሽምግልና ጨዋታ ነው ብለን ልናልፈው በቻልን ነበር። ዳሩ ግን ታሪኩን ከሥሩ ስንመረምረው፣ ከናፍቆቱ በስተኋላ አንድ እውነተኛ ነገር እንዳለ እናገኛለን። ይኸውም እነዚያ ወጣቶች የተዘጋውን መስመር ጥሰው ሲገቡ፣ ብዙዎቹ ይፈልጉት የነበረው ገንዘብ ሳይሆን የሚያነጋግራቸው ሰው መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። ዛሬ «ሀከር» ሲባል የባንክ ሒሳብ የሚዘርፍ ወይም የሰው ምስጢር የሚሰርቅ ወንበዴ በዓይናችን ይመጣብናል። ቃሉ ግን ይህን ክፉ ስም ይዞ አልተወለደም። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በአጭሩ ኤም.አይ.ቲ. በሚባለው ከፍተኛ ትምህርት ቤት፣ በ1946 የተቋቋመ የትንንሽ ባቡሮች ክበብ ነበረ። ከላይ ሲያዩት በሰፊ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ የመጫወቻ ሐዲድ ነው፤ ከጠረጴዛው በታች ግን ከስልክ ኩባንያ ዕቃ የተገጣጠመ፣ ባቡሮቹን ከሐዲድ ወደ ሐዲድ የሚያዛውር የሽቦ ጫካ ነበረ። ለጨዋታው የሚመጡት ልጆች በላይኛው ሲደሰቱ፣ ለብልሃቱ የሚመጡት ከጠረጴዛው ሥር ተንበርክከው ያድሩ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ማንም ያላሰበውን ዘዴ ሠርቶ ሲያሳይ፣ ሥራውን «ሀክ»፣ ሠሪውንም «ሀከር» ብለው ያከብሩት ነበር። እንግዲህ ቃሉ የምስጋና ቃል ነበረ ማለት ነው። ነገር ግን ብዙም ሳይቈይ መልኩን መለወጥ ጀመረ። «ዘ ቴክ» የሚባለው የተማሪዎቹ ጋዜጣ በኖቬምበር 20 ቀን 1963 ባወጣው ወሬ፣ «የስልክ ሀከሮች» ትምህርት ቤቱን ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚያገናኙትን መስመሮች እንደ ያዙና ሌላ ሰው እንዳይደውል እንዳደረጉ ጽፏል።

ስለ ምን በስልክ ተጀመረ ቢሉ፣ በዚያን ጊዜ ተራ ሰው እጁን ሊያሳርፍበት ከሚችለው መሣሪያ ሁሉ ሰፊው የስልኩ መረብ ስለ ነበረ ነው። ኮምፒዩተር ለመንካት የትልቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወይም የትልቅ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ መሆን ያስፈልግ ነበር፤ ስልክ ግን በአሜሪካ በየቤቱ ነበረ። ያ መረብ ደግሞ አንድ ጉድለት ነበረበት። መሐንዲሶቹ ከከተማ ወደ ከተማ የሚሄደውን መስመር የሚያዝዙበትን ምልክት፣ ሰው በሚነጋገርበት በዚያው መስመር ውስጥ በድምፅ ይልኩት ነበር። ከምልክቶቹ ዋናው በሴኮንድ 2,600 ጊዜ የሚርገበገብ ቀጭን ድምፅ ነው። ማሽኑ ይህን ድምፅ ሲሰማ መስመሩን ማንም እንዳልያዘው ይቈጥረዋል። እንግዲህ ያን ድምፅ አስተካክሎ ማሰማት የቻለ ሰው ማሽኑን አታልሎ መስመሩን በእጁ ያስገባል። የሚገርመው ግን ምስጢሩን ያወጣው ሌባ አለመሆኑ ነው፤ የኩባንያው መሐንዲሶች ራሳቸው የድምፆቹን ልክ በቴክኒክ መጽሔታቸው አትመው፣ መጽሔቱ በየዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ነበር። ቁልፍን በበሩ ላይ ሰክቶ እንደ መተኛት ነው።

ጆ ኢንግሬሲያ የሚባለው ልጅ ግን ያን መጽሔት አላነበበም፤ ሊያነበውም አይችልም ነበር። በ1949 በቨርጂኒያ ሲወለድ ዓይነ ስውር ሆኖ ነው የተወለደው። ዓይኑ ባያይም ጆሮው የማንኛውንም ድምፅ ልክ ለይቶ የሚያውቅ ነበር። ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ስልክ ይዞ እየሰማ ሲያፏጭ መስመሩ ድንገት ተቋረጠ። እንደገና አፏጨ፤ እንደገና ተቋረጠ። ሌላ ልጅ ቢሆን ስልኩ ተበላሽቷል ብሎ ይተወው ነበር። ጆ ግን ያ አንድ ድምፅ በመስመሩ ላይ ሥልጣን እንዳለው ተረዳና፣ ቀስ በቀስ በፉጨት ብቻ የፈለገውን አገር መጥራት ቻለ። ማየት ለተሳነው ልጅ ስልክ ምን ያህል ዓለም እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም፤ በስልክ ላይ የሚያየውም የማያየውም እኩል ናቸውና።

በ1960ዎቹ መጨረሻ በደቡብ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ለጓደኞቹ የሩቅ አገር ስልክ በፉጨት በነፃ ሲያገናኝ ተገኝቶ ተቀጣ፤ ወሬውም በጋዜጣ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ቅጣቱ ያላሰበው ነገር ነው። በየከተማው እያንዳንዱ ለብቻው፣ እኔ ብቻ ነኝ ብሎ እያሰበ ሲሞክር የነበረ ወጣት ሁሉ ወደ እርሱ ይደውል ጀመር። ከእነዚህም ብዙዎቹ እንደ እርሱ ዓይነ ስውራን ነበሩ። መገናኛቸው ኩባንያው ለራሱ መሞከሪያ ያበጃቸው፣ ማንም የማያስባቸው ቍጥሮች ነበሩ። በተለይም በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ «2111» የሚባል የቴሌክስ መሞከሪያ መስመር ነበረ፤ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲደውሉበት ሁሉም እርስ በርስ ይደማመጡ ነበር። ሮን ሮዘንባም የሚባለው ጋዜጠኛ በኦክቶበር 1971 «ኤስኳየር» በተባለው መጽሔት ላይ ስለ እነዚህ ወጣቶች በሰፊው ሲጽፍ ይህንም ስብሰባ ጠቅሶታል። እስቲ ነገሩን አስቡት። ፊት ለፊት ተያይተው የማያውቁ፣ ብዙዎቹም ሊተያዩ የማይችሉ ወጣቶች፣ በሌሊት በማያውቁት ከተማ በሚገኝ ባዶ መስመር ላይ ተሰብስበው ያወጋሉ። በሕግ ዓይን ሥራው ስርቆት ነው፤ ያላገልግሎት ክፍያ መደወል ዛሬም ያስቀጣል፣ በዚያን ጊዜም ያስታሰራቸው ነበሩ። ይሁን እንጂ የሰረቁት ነገር የመነጋገሪያ ሰዓት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ሌላ የሚደውሉለት ዘመድ ኖሯቸው አይደለም።

ያንን መጽሔት ካነበቡት አንዱ ስቲቭ ዎዝኒያክ የሚባል ተማሪ ነበር። ከወዳጁ ከስቲቭ ጆብስ ጋር ሆኖ ድምፆቹን የሚያሰማ፣ «ሰማያዊ ሣጥን» የሚባል መሣሪያ ሠርቶ ሸጧል። አንድ ሌሊትም «ሄንሪ ኪሲንጀር ነኝ» ብሎ ወደ ቫቲካን እንደ ደወለ፣ ጳጳሱ ግን ተኝተው ስለ ነበር ሳያነጋግራቸው እንደ ቀረ ራሱ ዎዝኒያክ አጫውቷል። ሁለቱ ወዳጆች በ1976 አፕል የተባለውን ኩባንያ ከመሠረቱት መካከል ናቸው። በዚያው ዓመት የስልኩ ኩባንያ ምልክቱን ከንግግሩ መስመር ለይቶ በሌላ መስመር መላክ ስለ ጀመረ፣ ፉጨት ከዓመት ወደ ዓመት ኀይሉ እየቀነሰ ሄደ።

አሁን ወደ ቺካጎ እንሂድ፤ የዚህ ታሪክ ሁለተኛው ምዕራፍ ከዚያ ይጀምራልና፣ በዚህም የሚሰረቅ ነገር የለበትም። በጃንዋሪ 1978 በቺካጎ ላይ ብዙ በረዶ ወርዶ ሰው ከቤቱ መውጣት አቃተው። ዋርድ ክሪስተንሰን የአይ.ቢ.ኤም. ሠራተኛ፣ ራንዲ ሱስ ደግሞ ወዳጁ ነበሩ፤ ሁለቱም የአንድ የኮምፒዩተር አፍቃሪዎች ክበብ አባላት ናቸው። በክበባቸው ግድግዳ ላይ አባላቱ ወረቀት እየወጉ «ይህን ዕቃ እሸጣለሁ»፣ «ለዚህ ሥራ ረዳት እፈልጋለሁ» የሚሉበት ሰሌዳ ነበረ። በረዶው ቤት ባዋላቸው ጊዜ፣ ያንኑ ሰሌዳ በኮምፒዩተር ላይ ብናደርገውና ሰው በስልክ እየደወለ ቢያነበውስ? ብለው ተማከሩ። ዋርድ ፕሮግራሙን ጻፈ፣ ራንዲ መሣሪያውን ገጣጠመ። በፌብሩዋሪ 16 ቀን 1978 በራንዲ ቤት የተቀመጠው ማሽን ለደዋይ ሁሉ ተከፈተ። ስሙም «የኮምፒዩተር የማስታወቂያ ሰሌዳ» ተባለ።

ማሽኑ የነበረው የስልክ መስመር አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ሊገባ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ ሌላው ሁሉ የተያዘ መስመር ድምፅ እየሰማ ደጅ ይጠናል። እኛ በየመሥሪያ ቤቱ ያለን ሰዎች ደጅ ጥናትን ከማንም ይልቅ ስለምናውቀው፣ የዚያን ሰው ልብ ለመረዳት አያስቸግረንም። ተራው ደርሶ ሲገባ ደግሞ ጽሑፉ የሚመጣለት ቢፈጥን በሴኮንድ 30 ፊደል ያህል ነበር። ፊደሎቹ እንደ ጠብታ አንድ በአንድ ይወርዳሉ፤ ሰውየውም ከነጠብጣቡ ጋር እኩል ያነባል። አንብቦ መልስ ይጽፍና ስልኩን ይዘጋል፤ ለዚያ መልስ የሚሰጠው ሌላው ሰው ደግሞ ተራውን አግኝቶ ሲገባ፣ ምናልባት በማግስቱ ያየዋል። በመካከሉ ያለው ጊዜ ለማሰብ ይበቃ ነበር። ተናዶ የጻፈም ሰው ቢኖር፣ ቤቱ የማን እንደ ሆነ ያውቃል። ባለቤቱ ራንዲ ነው፤ ማሽኑን የሚጠግነው፣ ኤሌክትሪኩን የሚከፍለው፣ ጨዋነት ለጐደለው ደዋይ በሩን የሚዘጋው እርሱ ነው። ይህ ምሳሌ ሆኖ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሺሕ የሚቈጠሩ እንደዚህ ያሉ ቤቶች በየከተማው ተከፈቱ። ራንዲ ሱስ በ2019፣ ዋርድ ክሪስተንሰን በ2024 ዐርፈዋል።

በ1984 ቶም ጄኒንግስ የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ ሰው እነዚህን ቤቶች እርስ በርስ የሚያገናኝ ዘዴ ፈጠረ። ስሙን «ፊዶኔት» አለው፤ ፊዶ በአሜሪካ የተለመደ የውሻ ስም ነው። የስልክ ዋጋ በሚረክስበት በሌሊቱ ሰዓት ማሽኖቹ ራሳቸው እየተደዋወሉ የቀኑን መልእክት ይለዋወጣሉ፤ ደብዳቤውም ከቤት ወደ ቤት እየዘለለ ሳይታወቅ ባሕር ይሻገራል። ይህ ዘዴ እስከ እኛ አገር መድረሱን ብዙ ሰው አያውቅም። በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር በአዲስ አበባ የነበረው፣ ፓዲስ የተባለው ክፍል በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዚሁ በፊዶኔት አሠራር መልእክት ያስተላልፍ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን የኢንተርኔትን አገልግሎት የጀመረው በ1997 ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት ከአዲስ አበባ በኮምፒዩተር ወደ ውጭ አገር ይጻፍ ከነበረው ደብዳቤ ብዙው የሄደው፣ አንድ ሰው በሳን ፍራንሲስኮ ለደስታው ብሎ ባበጀው መንገድ ነው።

በውጭ አገር የነበሩት ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ችግር ነበረባቸው። መስመሩ የሚሸከመው የላቲን ፊደል ብቻ ስለ ነበረ፣ አማርኛውን በባዕድ ፊደል ለመጻፍ ተገደዱ። እያንዳንዱ በመሰለው ሲጽፍ አንዱ የጻፈውን ሌላው ለማንበብ ይቸገር ነበር። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ «ሴራ» የተባለውን ሥርዐት ያዘጋጁት ለዚህ ነው፤ በእርሱም ትንሹ ቲ ለ«ተ»፣ ትልቁ ቲ ለ«ጠ» ይቆማል፣ ሌላውም እንደዚሁ። በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደሎች መዝገብ ሲገባ ይህ ድካም ቀለለ። ዛሬ በስልካችን ላይ በአማርኛ የምንጻጻፈው በዚሁ መዝገብ ነው።

ከዚህ በኋላ ግን የዋህነት የሚያበቃበት ነገር ይመጣል። በ1986 በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ላቦራቶሪ የሚሠራው ክሊፎርድ ስቶል የ75 ሳንቲም ጉድለት በሒሳብ ላይ አገኘ። ኮምፒዩተሩን የተጠቀመበት ሰው ሁሉ በደቂቃ ይከፍል ነበርና፣ ሁለቱ መዝገቦች በ75 ሳንቲም ተለያዩ። ስንቶቻችን «ከኪሴ ልክፈለውና ይለቅ» ባልን ነበር! ስቶል ግን አንድ ዓመት ያህል እየተከታተለ፣ እያሳደደ፣ የሐሰት ሰነድ ወጥመድ አድርጎ እያዘጋጀ፣ ሌባው በምዕራብ ጀርመን በሃኖቨር ከተማ ተቀምጦ ከአሜሪካ የጦር ኮምፒዩተሮች ያገኘውን ለሶቪየት ስለላ ድርጅት የሚሸጥ ሰው መሆኑን ደረሰበት። ጉዳዩ በ1990 ፍርድ ቤት ቀርቦ ተባባሪዎቹ የገደብ ቅጣት ተፈረደባቸው። የፉጨቱ ልጅና የሃኖቨሩ ሰው በአንድ ስም «ሀከር» መባላቸው ቋንቋ ምን ያህል ግፍ ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል።

1988 ሁለት ፊት ያለው ዓመት ነው። በኖቬምበር 2 ቀን የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነው ሮበርት ሞሪስ ራሱን እያባዛ ከማሽን ወደ ማሽን የሚሄድ ፕሮግራም ለቀቀ፤ በአንድ ሌሊት በግምት 6,000 ኮምፒዩተሮች ደነዘዙ። ጉዳት ማድረስ አላሰብሁም ቢልም፣ በ1990 የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት፣ 400 ሰዓት የሕዝብ አገልግሎትና 10,050 ዶላር መቀጮ ተፈረደበት። ኋላ ግን ራሱ የኤም.አይ.ቲ. ፕሮፌሰር ሆነ፤ ቃሉ ወደ ተወለደበት ቤት ገባ ማለት ነው። ከዚህ ሁከት ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በኦገስት ወር፣ በሰሜን ፊንላንድ በኦውሉ ዩኒቨርሲቲ ያርኮ ኦይካሪነን የሚባል ወጣት፣ ሥራው ጊዜውን ሁሉ ስላልያዘበት፣ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ እየጻፉ የሚጫወቱበትን «አይ.አር.ሲ.» የተባለውን ፕሮግራም ጻፈ። የብዙ ሰዎች የጽሑፍ ጭውውት ቀደም ሲል በ1973 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ «ፕላቶ» በሚባለው ሥርዐት ላይ ታይቶ ነበር፤ በዚያ ላይ ፊደሉ ሲነካ ወዲያው ስለሚታይ፣ ሰው ጽፎ የደለዘው እንኳ አይደበቅም ነበር። የኦይካሪነን ግን ከአገር አገር የሚዘልቅ ሆነ። ከኦውሉ ወደ ሌሎች የፊንላንድ ከተሞች፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻገረ።

የጭውውቱ ክፍል «ቻናል» ይባላል። ክፍሉን መጀመሪያ የከፈተው ሰው አስተናጋጅ ይሆናል፤ በጥባጭ ሲመጣ ያስወጣል፣ ለሚያምነውም ሰው ሥልጣኑን ያካፍላል። ሰው በመረጠው ቅጽል ስም ይታወቃል እንጂ መልኩ፣ ዕድሜው፣ የአባቱ ሀብት አይታይም። በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሲነሣ በሺሕ የማይሞሉ ሰዎች በአንድ ቻናል ተሰብስበው ከየአገሩ የሰሙትን እየጻፉ ያካፍሉ ነበር። በዚያው ዓመት በኦገስት በሞስኮ የመንግሥት ግልበጣ ሲሞከር፣ የከተማው ቴሌቪዥን የባሌት ጭፈራ ሲያሳይ፣ ከሩሲያ የሚጻፉ ሰዎች በመንገድ ላይ ስለሚሆነው ነገር በዚሁ መስመር ይናገሩ ነበር። ይህን የምንመሰክረው እኛ የራዲዮ ሰዎች መሆናችን ሊያስፈግግ ይችላል፤ ነገር ግን እውነት ነው። ክፉውም አብሮ ነበረ። በአገልጋይ ማሽኖቹ መካከል ያለው መስመር ሲቈረጥ የክፍሉ ሰዎች ግማሹ ድንገት ይጠፋሉ፤ ያን ሰዓት ጠብቀው የሌላውን ቻናል በሥልጣን የሚነጥቁ ነበሩ። በ1996ም ዋናው መረብ በአስተዳደር ጉዳይ ባለመስማማት የአሜሪካና የአውሮፓ ሆኖ ለሁለት ተከፈለ። የወንድማማች ጠብ ነበረ።

ናፋቂዎቹ ዘመኑ ያለፈበትን ቀን እንኳ ለይተው ይናገራሉ። «ዩዝኔት» በሚባለው የጽሑፍ መወያያ፣ በየዓመቱ በመስከረም አዳዲስ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ሥርዐቱን ባለማወቅ ይበጠብጡ፣ ጥቂት ቈይተው ግን ልማዱን ይማሩ ነበር። በ1993 እና በ1994 ግን የንግድ ኩባንያዎች፣ በተለይም «አሜሪካ ኦንላይን»፣ በሩን ለደንበኞቻቸው ሁሉ ስለ ከፈቱት፣ አዲስ ሰው በየቀኑ ይገባ ጀመር። አሮጌዎቹም «የ1993ቱ መስከረም እስከ ዛሬ አላለቀም» እያሉ ይቀልዳሉ። በዚህ ቀልድ ውስጥ ትዕቢት መኖሩን ሳንናገር ማለፍ አይገባም። የስልክ ኩባንያን ቤት በፉጨት ከፍተው የገቡት ሰዎች ታናናሾች፣ የእነርሱን ቤት ሌላው ሕዝብ በገንዘቡ ሲገባበት ቅር አላቸው። ያ ማኅበር ጥቂት ሆኖ የኖረው ጥሩ ስለ ነበረ ብቻ ሳይሆን፣ መሣሪያ መግዛት የቻለውና እንግሊዝኛ የሚያውቀው፣ አብዛኛውም ወንድ የሆነው ብቻ ስለሚገባበት ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ቢገባ በራሱ ፊደል እንኳ ስሙን ሊጽፍ አይችልም ነበር።

ከናፍቆቱ ውስጥ ግን እኛ የምንቀበለው አንድ ነገር አለ። በራንዲ ሱስ ቤት የሚደውል ሰው እንግዳ ነበር፤ በዛሬዎቹ ታላላቅ መገናኛዎች የሚገባው ሰው ግን ከእንግዳም ከባለጉዳይም ያነሰ ነው፤ የሚያነበው ለማስታወቂያ ሻጭ ይቈጠራል፣ ቢበደል የሚያመለክትበት የቤት ባለቤት አይታይም። ማሽኑ በስንት ፊደል እንደሚፈጥን አሮጌዎቹ ሲከራከሩ፣ በልባቸው የሚያነሡት ያን በሩን ይከፍት የነበረውን ሰው ይመስለናል።

ጆ ኢንግሬሲያ ካደገ በኋላ ለስልክ ኩባንያ ተቀጥሮ የመስመር ብልሽት ይፈልግ ነበር። በኋላም ወደ ሚኒያፖሊስ ሄዶ፣ በ1991 ስሙን በሕግ አስለውጦ «ጆይባብልስ» ተባለ፤ የደስታ አረፋዎች እንደ ማለት ነው። በዚያች ከተማም ማንም ሰው ደውሎ የእርሱን ጨዋታና ታሪክ የሚሰማበት የስልክ መስመር አቋቋመ። ለመስመሩ ያወጣለት ስም በላቲን ፊደል መጨረሻ በሆነው በዜድ እየተደጋገመ የሚጀምር ስለ ነበር፣ በከተማው የስልክ መጽሐፍ ውስጥ ከስም ሁሉ በኋላ የሚገኘው የእርሱ ነበረ። መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ገልጦ የሚደውልለት ሰው አላጣም። በኦገስት 8 ቀን 2007 እስኪሞት ድረስ ስልኩን ሲያነሣና ሲያጫውት ኖረ።